ዝግመተ ለውጥ ለልጆች እንደ እውነት ይነገር?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ትልቋ ልጄ 13 ዓመቷ ነው። የባዮሎጂ መምህሯ ዝግመተ ለውጥ (ሕያዋን ነገሮች ከትውልድ ትውልድ እየተለወጡ መጡ) የሚለው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ «ይሄን ለፈተና ብቻ ሸምድዱት፤ ንድፈ ሐሳብ ነው እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም» ብለው በአንድ ክፍለ ጊዜ ዘለሉት። ልጄ ቤት ገብታ «ካልተረጋገጠ ለምን እንፈተናለን?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ባዮሎጂን ከተውኩት ቆየሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው። ይሄ ነገር ለልጆች እንደ እውነት ይነገር ወይስ እንደ አንድ አመለካከት? ስድብ አልፈልግም። ምክንያት ነው የምፈልገው።

እውነት ብቻ፦
ይሄ እኮ ክርክርም አያስፈልገው። ሰው ከዝንጀሮ መጣ፤ አለቀ። የሰው፣ የዓሣና የዶሮ ፅንስ መጀመሪያ ላይ ቁርጥ አንድ ነው፤ ሥዕሉ በየመማሪያ መጽሐፉ ነበር። እንዲህ የሚያስተምር መምህር ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?

ጠርጣሪው፦
መጣ ሰባኪው! ያንን ሥዕል የሣለው ኤርንስት ሄከል የሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ነው። ፅንሶቹን ከሚመሳሰሉት በላይ አመሳስሎ ሣላቸው ብለው የወቀሱት የዘመኑ የሙያ ባልደረቦቹ ናቸው። ፒልትዳውንንም አትርሳ። እ.ኤ.አ. በ1912 እንግሊዝ ውስጥ «የሰውና የጦጣ መሃል ተገኘ» ተባለ። በኋላ ሲታይ የሰው ራስ ቅል ከኦራንጉታን መንጋጋ ጋር ተገጥሞ፣ ጥርሱ ተሞርዶ፣ ቀለም ተቀብቶ ነው። 40 ዓመት ያህል አታለለ። እህቴ፣ የልጅሽ መምህር ልክ ናቸው። የሚጠረጠር ነገር እንደሚጠረጠር ይነገር።

ጡረተኛው መምህር፦
ይሄን ትምህርት ከ30 ዓመት በላይ አስተምሬዋለሁ። ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እውነት ብቻ»፣ ልጄ፣ ደግፈህ ገደልከን። ሰው ዛሬ ከምናየው ዝንጀሮ አልመጣም፤ ከቺምፓንዚም አልመጣም። ሰውና ቺምፓንዚ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የኖረ የጋራ ቅድመ አያት አላቸው። የአጎትህ ልጅ አያትህ አይደለም። ስለ ሄከል ሥዕልም ጠርጣሪው ልክ ነው።

ግን ጠርጣሪው፣ ፒልትዳውንን ማን አጋለጠው? እ.ኤ.አ. በ1953 የሳይንስ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። አጥንቱ ውስጥ ያለውን የፍሎሪን መጠን ለክተው፣ ጥርሱን በማጉያ አይተው። የሚያሳፍረው መዘግየታቸው ነው፤ እዚያ ላይ አልከራከርህም።

አሁን ወደ ዋናው። ጥፋቱ ከፊሉ የቃላችን ነው። «ንድፈ ሐሳብ» ስንል ጆሮ የሚሰማው «ሐሳብ» የሚለውን ነው። ሐሳብ ደግሞ ማንም ያስባል። ሳይንስ ውስጥ ገና ያልተፈተነው ግምት «መላምት» ይባላል። ንድፈ ሐሳብ ብዙ ተፈትኖ የቆመ ማብራሪያ ነው። በሽታ በጀርም ይመጣል የሚለውም ንድፈ ሐሳብ ነው። እጁን ሳይታጠብ የሚሰፋህ ሐኪም «ንድፈ ሐሳብ እኮ ነው» ቢልህ ትስማማለህ?

የላብራቶሪ ሰው፦
ሌላውም ቃላችን ያሳስታል፤ «ዝግመት» የሚለው። ሁሌ ዝግ ያለ አይደለም። እኔ ማታ ያስቀመጥኩትን ጠዋት የማየው ነገር ነው። ሳህን ላይ ከበሽተኛ የተወሰደ ባክቴሪያ እንዘራለን። መድኃኒት የነካች ክብ ወረቀት መሃሉ ላይ ጣል እናደርጋለን። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በማግስቱ በወረቀቷ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል። አንዳንድ ቀን ግን ክቡ የለም። ባክቴሪያው ወረቀቷ ሥር ድረስ ግጥም ብሎ በቅሏል። አያቶቹ በዚያ መድኃኒት ይሞቱ ነበር፤ የልጅ ልጆቹ ቁብ አይሰጣቸውም።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1945 ኖቤል ሲቀበል ይሄ እንደሚመጣ በንግግሩ አስጠንቅቆ ነበር። በትንሹ ከወሰዳችሁት የማይሞቱትን ታስተምራላችሁ እንደማለት። ጀርሙን ማንም አላስተማረውም፤ የሞተው ሞተ፣ በአጋጣሚ የተለየው ተረፈ፣ የተረፈው ተዋለደ። ተፈጥሯዊ መረጣ ማለት ይሄው ነው።

ጠርጣሪው፦
ይሄን ማን ካደ? ባክቴሪያ ባክቴሪያ ሆኖ ቀረ። ትንሽ ለውጥ አለ። ከዓሣ ወደ ባለአራት እግር እንስሳ የሚለውን ዝላይ ግን ማን አየው? መሃል ላይ ያለው የት አለ?

ጡረተኛው መምህር፦
ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም እሱን ብለው ወጥተው የፈለጉ ሰዎች አሉ። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ኒል ሹቢንና ባልደረቦቹ እንዲህ አሰቡ። ሥጋዊ ክንፍ ያላቸው ዓሣዎች ከ380 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረ ድንጋይ ውስጥ አሉ። አራት እግር ያላቸው ደግሞ 365 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ባለው ውስጥ። ስለዚህ መሃል ያለ ዕድሜ ያለው፣ ከወንዝ ደለል የተሠራ፣ በላዩ ብዙ ያልተከመረበት ድንጋይ እንፈልግ አሉ። ካርታ አይተው ሰሜን ካናዳ ውስጥ ኤልስሚር ደሴት ሄዱ። ብርዱ አይጣል ነው፤ መሥራት የሚቻለው በበጋዋ ጥቂት ሳምንት ነው። ዓመታት ተመላልሰው እ.ኤ.አ. በ2004 አገኙት። ስሙ ቲክታሊክ ነው። 375 ሚሊዮን ዓመት። ቅርፊትና ክንፍ እንደ ዓሣ። ግን አንገት አለው። ዓሣ አንገት የለውም፤ ቲክታሊክ ጭንቅላቱን ለብቻ ያዞራል። በክንፉ ውስጥ ደግሞ የክንድና የእጅ አንጓ አጥንት አለ። የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ተነግሮ የተገኘ ነገር ነው።

ጠርጣሪው፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ግማሹን ነው የነገሩን። እ.ኤ.አ. በ2010 ፖላንድ ውስጥ፣ ዛኼልሚዬ በሚባል የድንጋይ ካባ፣ ባለአራት እግር እንስሳ የረገጠው የሚመስል ዱካ ተገኘ ተብሎ ታተመ። ዕድሜው 390 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ልጁ ከአባቱ በፊት ተወለደ ማለት ነው? ዘገባውን ስላነበብኩ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
እውነትህን ነው፤ አስተማሪም ይማራል። ዱካው የእግር ነው አይደለም የሚል ክርክር አለ። የእግር ነው ብንል ግን ቲክታሊክ አያት መሆኑ ይቀርና አጎት ይሆናል። ማለትም፣ የሽግግሩን መልክ ይዞ እስከዚያ ዘመን የቆየ ዘመድ ነው። ሽግግሩ የሆነበት ጊዜ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ሽግግር አልነበረም ወደሚል ግን አያደርስም። ይሄን ለተማሪ መደበቅ የለብኝም። እንዲያውም ባስተምረው ኖሮ ክፍሉ አይተኛም ነበር።

መሃል ያለ ካልክ ደግሞ ድንቅነሽን እያት። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት። ጉልበቷና ዳሌዋ ቆማ ትሄድ እንደነበር ይናገራል። የወገኖቿ የአእምሮ መጠን ግን ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም። አንተ ወደ የትኛው ሳጥን ትከታታለህ?

ጠርጣሪው፦
ከየትኛውም አልከታትም፤ አንድ ራሷን የቻለች ፍጥረት ናት እላለሁ። መመሳሰል ዝምድና አይደለም። አንድ ጥሩ አናጢ ለወንበርም ለጠረጴዛም ያንኑ እግር ይጠቀማል።

ጡረተኛው መምህር፦
እዚህ ላይ ፈታኝ የነበረ ሰው ያለውን ስማ። ሁለት ተማሪ አንድ ዓይነት ትክክለኛ መልስ ቢጽፉ ሁለቱም አጥንተው ይሆናል። አንድ ዓይነት ስህተት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ፊደል ላይ ቢጽፉ ግን ወንበራቸውን አራርቃለሁ።

አብዛኞቹ እንስሳት ቫይታሚን ሲን ሰውነታቸው ውስጥ ይሠራሉ። እኛ አንችልም። መሥሪያው ዘረመል (ከወላጅ የሚወረሰው መመሪያ) ግን ዲኤንኤያችን ውስጥ አለ፤ ተሰባብሮ፣ የማይሠራ ሆኖ ተቀምጧል። የቺምፓንዚውም ተሰብሯል፤ ብዙው ስብራት ከእኛው ጋር ይገጥማል። የጊኒ አሳማም (አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ ነው) ቫይታሚን ሲ አይሠራም፤ የእሱ ስብራት ግን ሌላ ነው። አናጢው የተሰበረ እግር ለወንበሩም ለጠረጴዛውም በአንድ ቦታ ሰብሮ ገጠመ ልትለኝ ነው?

እውነት ብቻ፦
በቃ፣ ጨዋታው አለቀ።

ጠርጣሪው፦
አላለቀም። ግን ይሄኛው ከባድ ነው፤ አልዋሽም። ላስብበት።

የላብራቶሪ ሰው፦
እስኪያስብ ድረስ ሁላችሁም አንድ ነገር ሞክሩ። ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ መዳፋችሁ ወደ ላይ። አውራ ጣትና ትንሿን ጣት አገናኙ። አሁን እጃችሁን ከአንጓው ወደ ራሳችሁ ትንሽ እጠፉት። አንጓው መሃል ላይ እንደ ክራር ክር የሚወጠር ጅማት ታያላችሁ? አንዳንዶቻችሁ ታያላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ አታዩም። ፓልማሪስ ሎንገስ የሚባል ጡንቻ ጅማት ነው። ዛፍ ላይ የሚኖሩ ጦጣዎች አጥብቀው ይጠቀሙበታል። እኛ ዘንድ ቢኖርም ባይኖርም የእጅ ጥንካሬ ላይ ለውጥ የለውም። እየጠፋ ያለ ነገር ነው።

አማኝ ነኝ፦
የኔ በሁለቱም አለ። ጦጣነቴ ገና አልወጣልኝም ማለት ነው?

እውነት ብቻ፦
የኔ በሁለቱም የለም። 😎

የሁለት ልጆች እናት፦
የኔ በግራ ብቻ! ቢሮ ውስጥ ሁሉም እጁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቷል፤ ሥራ አስፈታችሁን።

ጠርጣሪው፦
የኔም አለ። የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ይሄን ጅማት አውጥተው ሌላ የተበጠሰ ቦታ ላይ እንደሚተክሉት ታውቃላችሁ? መለዋወጫ ነው። ስለዚህ ጥቅም አለው።

ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። እስካሁን የነገራችሁኝ ሁሉ መጥፋት ነው። ዘረመል ተሰበረ፣ ጅማት ጠፋ። መጥፋትማ ማን ያቅተዋል? አሮጌ መኪናም ዕቃው እየወለቀ ይሄዳል። አዲስ ነገር ሲመጣ አሳዩኝ።

የላብራቶሪ ሰው፦
ይሄን እየጠበቅኩህ ነበር።

ኢ. ኮላይ የሚባለውን አንጀት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ የምንለይበት አንድ ዘዴ አለ። አረንጓዴ ማብቀያ ላይ እንዘራዋለን፤ ምግቡ ሲትሬት ብቻ ነው። ሲትሬት ሎሚን የሚያኮመጥጠው ነገር ቤተሰብ ነው። ባክቴሪያው በልቶ ካደገ ማብቀያው ሰማያዊ ይሆናል። አረንጓዴ ከቀረ ኢ. ኮላይ ሊሆን ይችላል፤ እሱ አየር ባለበት ሲትሬት መብላት አይችልምና። ተማሪ ሆነን ከምንሸመድዳቸው አንዱ ነው።

ሪቻርድ ሌንስኪ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1988 ይሄንኑ ባክቴሪያ 12 ጠርሙስ ውስጥ አስገባ። ትንሽ ስኳር፣ ብዙ ሲትሬት። በየቀኑ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ መቶኛዋን ብቻ ወስዶ ወደ አዲስ ጠርሙስ። በየቀኑ! ገናም በዓልም ሳይል። በየ500 ትውልዱ ናሙና በረዶ ውስጥ ያስቀምጣል። ዓመታት አለፉ። 31,500ኛው ትውልድ አካባቢ አንዱ ጠርሙስ ደፈረሰ። መጀመሪያ ሌላ ጀርም የገባበት መሰላቸው። ሲመረመር ያው ባክቴሪያ ነው፤ ግን ሲትሬቱን እየበላ ነው። የቀሩት 11 ጠርሙሶች አልቻሉም።

እንዴት ሆነ? የሲትሬት በር የሚሠራው ዘረመል ድሮም ነበረው፤ አየር ሲኖር ግን ይዘጋል። በመገልበጥ ስህተት ሁለተኛ ቅጂ ተፈጠረ። ቅጂው የወደቀው አየር ሲኖር የሚከፍት ማብሪያ አጠገብ ነው። በዚያው በራ።

እኔን የገረመኝ ቀጣዩ ነው። በረዶ ውስጥ ያሉትን አያቶች ቀስቅሰው እንደገና አስጀመሯቸው። ከጥንቶቹ የተጀመሩት አልደገሙትም። ከ20,000 ትውልድ በኋላ ካሉት ግን አንዳንዶቹ እንደገና ቻሉ። ማለትም ቀድሞ ሳይታይ የተጠራቀመ ዝግጅት ነበረ።

ጠርጣሪው፦
ያንን ዘረመል ከየትም አላመጣውም፤ ድሮም ነበረ ብለሻል። ግን እሺ፣ አዲስ ችሎታ ነው። ይሄን እቀበላለሁ። ልብ በሉ፣ 30 ሺህ ትውልድ ለአንድ በር!

ጡረተኛው መምህር፦
ለዚያ ነው ጊዜው የሚያስፈልገው። ለተማሪዎቼ እንዲህ እላቸው ነበር። የምድርን ዕድሜ 450 ገጽ መጽሐፍ አድርጉት፤ እያንዳንዱ ገጽ 10 ሚሊዮን ዓመት ነው። ገጽ 100 አካባቢ ላይ የመጀመሪያዎቹ የሕይወት ዱካዎች አሉ፤ አውስትራሊያ ውስጥ በድንጋይ ላይ የቀሩ የጥቃቅን ሕዋሳት ንጣፍ። ከዚያ በኋላ ገጽ ብትገልጥ፣ ብትገልጥ፣ ያው በዓይን የማይታይ ነገር ነው። ገጽ 210 አካባቢ አየሩ ውስጥ ኦክሲጅን መከማቸት ይጀምራል። ያመረቱት ጥቃቅኖቹ ናቸው፤ ለብዙ ዘመዶቻቸው መርዝ ነበር። እንስሳት በብዛት የሚታዩት ወደ ገጽ 396 ነው። ዳይኖሰሮች የሚያልቁት ገጽ 443 ላይ። እኛ፣ የእኛ ዝርያ ማለቴ ነው፣ የመጨረሻው ገጽ የመጨረሻ መስመር ነን። አንድ ልጅ «ታዲያ መጽሐፉ ስለ ባክቴሪያ ነዋ!» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የተሻለ አስተያየት አልሰማሁም።

ጠርጣሪው፦
እሺ መምህር፣ ገጽ 100ን እንክፈተው። ያ የመጀመሪያው ሕዋስ ከየት መጣ? ዲኤንኤን የሚገለብጠው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑን የሚያሠራው ዲኤንኤ ነው። የቱ ቀደመ? ስታንሊ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1953 ጋዝና ውኃ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ በኤሌክትሪክ ብልጭታ አሚኖ አሲድ፣ ፕሮቲን የሚሠራበትን ነገር፣ አገኘ ትሉናላችሁ። ጡብ ማግኘት ቤት መሥራት ነው?

ጡረተኛው መምህር፦
አይደለም። ከየት እንደመጣ አናውቅም። አርኤንኤ የሚባለው ሞለኪውል ሁለቱንም ሥራ ሊሠራ ስለሚችል እሱ ቀደመ የሚል ጠንካራ መላምት አለ። መላምት አልኩህ፣ ልብ በል። ከጠርሙስ ውስጥ ሕይወት ያወጣ ሰው የለም።

እውነት ብቻ፦
መምህር፣ ለምን መሣሪያ ያቀብሉታል?

ጡረተኛው መምህር፦
እውነት ስለሆነ ነዋ። ስምህን አንብበው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ይሄን እኔ በሥራዬ ልየው። አንድ ድርጅት ሒሳቡን ልመረምር ሄጄ የመጀመሪያው ካፒታል ከየት እንደመጣ ላይታወቅ ይችላል። ያ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፣ እጽፈዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ገቢና ወጪ ግን ደረሰኝ በደረሰኝ ማየት እችላለሁ። መነሻው ስላልታወቀ ደረሰኙ ሁሉ ውሸት ነው አልልም። ደረሰኙ ስለተሟላም መነሻው ታውቋል አልልም። ልክ ነኝ?

ጡረተኛው መምህር፦
ከእኔ በተሻለ ገለጽሽው። የልጅሽ መምህር ሁለቱን ሒሳብ አንድ ላይ ነው የዘጉት።

አማኝ ነኝ፦
እኔም ልግባ። ፈጣሪን አምናለሁ፤ ዝግመተ ለውጥንም እቀበላለሁ። ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ የተባለው ትልቅ የዘረመል ተመራማሪ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። የዘር ውርስን ሕግ በአተር ያገኘው ግሪጎር ሜንዴል መነኩሴ ነው። ልጅሽን «ወይ ይሄን ወይ ያንን ምረጪ» አትበያት።

ጠርጣሪው፦
ወንድሜ፣ በሰው ስም አይሆንም። ሁለቱን ማስታረቅ እንዲህ ቀላል ከሆነ ሞትን አስረዳኝ። ሞት በሰው ኃጢአት ገባ ብለን ነው ያደግነው። በመምህር መጽሐፍ ግን ሰው ከመምጣቱ በፊት 350 ገጽ ሙሉ ሞት አለ።

አማኝ ነኝ፦
ጠንካራው ጥያቄ እሱ ነው። የመንፈስ ሞት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔን ሙሉ በሙሉ አላሳረፈኝም። ገና እያሰብኩበት ነው። ግን መልሱን ስላላገኘሁ ቫይታሚን ሲው ዘረመል አይጠገንልኝም።

ጠርጣሪው፦
ይሄን ወደድኩት። እንግዲህ የእኔ አቋም ይሄ ነው። ክፍል ውስጥ ሁለቱም ወገን እኩል ሰዓት ይሰጠው። ልጆቹ ይፍረዱ።

የላብራቶሪ ሰው፦
እዚህ ላይ አልስማማም። ይሄ ተሞክሯል። አሜሪካ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ዶቨር በሚባል ቦታ የትምህርት ቦርዱ «ሌላም አማራጭ አለ» የሚል ጽሑፍ ለተማሪዎች እንዲነበብ አዘዘ። ወላጆች ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2005 ዳኛው አማራጭ የተባለው (ሕይወትን አንድ ብልህ ነዳፊ አቅዶ ሠራት የሚለው) ሳይንስ አይደለም ብለው ፈረዱ።

ጠርጣሪው፦
ዳኛ ሳይንስን ይወስናል?

የላብራቶሪ ሰው፦
አይወስንም። ግን እኩል ሰዓት የሚሰጠው እኩል ለሠራ ነው። የአንተ ወገን የቲክታሊክን ዓይነት «እዚህ ቦታ ቆፍሩ፣ ይሄን ታገኛላችሁ» ብሎ ያውቃል? ለባክቴሪያዬ የትኛውን መድኃኒት ልሞክር ይለኛል? ጥርጣሬህ ክፍል ውስጥ ይግባ፤ ዛሬ ሁላችንን አሠርተኸናል። ሰዓቱ ግን እኩል አይሆንም።

ጠርጣሪው፦
አልተስማማንም። የፖላንዱ ዱካና የመጀመሪያው ሕዋስ መጽሐፉ ውስጥ በትልቁ ከተጻፉ ግን ግማሽ መንገድ መጣችሁልኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
ይጻፉ። እኔ ፈራሚ ነኝ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ማታ ሁሉንም ለልጄ አነበብኩላት። «ንድፈ ሐሳብ» የሚለውን እንደገና አስረዳኋት። የመጀመሪያው ሕዋስ ላይ ስደርስ አይታወቅም አልኳት፤ ቅር አላላትም። የእጁን ነገር ስትሞክር እሷም እንደኔ በግራ ብቻ ነው ያላት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ግራና ቀኝ እጄ የተሠሩት ከአንድ ዲኤንኤ አይደል? ታዲያ ጅማቱ ለምን በአንዱ ብቻ ጠፋ?» እንደገና መልስ አጣሁ። መምህር፣ የት አሉ?

ጡረተኛው መምህር፦
አለሁ። ዲኤንኤ እንደ ቤት ፕላን ልኩ ሁሉ የተጻፈበት አይደለም በያት። ፅንስ ሲያድግ ትንሽ የአጋጣሚ ቦታ አለው። አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ያላቸው መንትዮች እንኳ የጣት አሻራቸው ይለያያል። አሁን ቀለም አምጪላት። የግራና የቀኝ አውራ ጣቷን ወረቀት ላይ ታትም። ከዚያ ጎን ለጎን አድርጋ ትያቸው።